አንድ ታፔላ፣ ሰባት ሲጋራ

ጅጅጋ ውስጥ ሻይ ቤት ወይም ምግብ ቤት ገብታችሁ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ካያችሁ የታችኛውን ጥግ እዩልኝ። በትንንሽ ፊደል «ሀብቴ ማስታወቂያ» የሚልና ስልክ ቁጥር ካለበት የእኔ ሥራ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታሸቱት ሲጋራ ሲጋራ ሳይል አይቀርም፤ ያን ታፔላ ስጽፍ ሲጋራ ከአፌ አልወረደም ነበርና።

ሙሉ ስሜ ሀብተየስ ነው፤ ዘንድሮ አርባ አራት ዓመቴ ነው። አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ ቀረ። አባቴ እዚሁ ተወልዶ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያገላብጥ አርጅቶ ጡረታ ወጣ። የአያቴ ጠመንጃ ለመንግሥት ተመለሰ፤ የአባቴ ብዕርም እንዲሁ። ለእኔ የተረፈኝ ሁለቱም የሚያጨሱት ሲጋራ ነበር፤ እሱን ማንም መልስ አላለኝም። አያቴ እያሳለ ሞተ፤ አባቴም እያሳለ ሞተ። በቤታችን ሳል እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር «ከምን የመጣ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ማሳል ስጀምር እናቴ «ቁርጥ አባቱን!» አለች፤ እኔም ኮራሁ።

ታፔላ መጻፍ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሰዓት አልነበራቸውም። ታፔላ ጸሐፊ ደግሞ ከብሩሽ ይልቅ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ላሜራውን ነጭ ትቀባና እስኪደርቅ ትጠብቃለህ። ደግመህ ትቀባና ትጠብቃለህ። ፊደሉን በቀይ ትጽፍና ትጠብቃለህ። ሳይደርቅ ከነካኸው ይላጣል፤ ከዘገየህ ደግሞ ቀኑ ያልቅብሃል። እኛ የምንሠራው በቲነር የቀጠነ፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ስለነበር ሽማግሌው ጊዜውን በሲጋራ ነበር የሚለኩት። «የመጀመሪያው ነጭ ሁለት ሲጋራ፤ ሁለተኛውም ሁለት፤ ቀዩ ሁለት፤ ጌጡ አንድ» ይሉኝ ነበር። በሁለቱ መሃል ሻይ አለ። ሲደመር አንድ ታፔላ ሰባት ሲጋራ ይፈጃል ማለት ነው። ይህን ቀመር ከማባዛት ሰንጠረዥ ይልቅ አጥብቄ ነው የያዝኩት። ቲነር አጠገብ እሳት እየለኮስን እንዴት አብረን እንዳልነደድን ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በ2011 ዓ.ም. ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን የሚከለክል አዋጅ ወጣ። ወሬው ጅጅጋ ደርሶ የቤቱ ባለቤት ሁሉ «አንድ ጻፍልኝ» እስኪል ጥቂት ወራት ፈጀ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ጉድ ጎረፈ። አማርኛውን ከላይ፣ ሶማልኛውን በላቲን ፊደል ከታች፣ መሃል ላይ ቀይ ክብ፣ ክቡ ውስጥ የምትጨስ ሲጋራ፣ ሲጋራዋ ላይ ሰያፍ መስመር። ሲጋራዋን የምስለው አፌ ላይ ያለችውን አውርጄ፣ እሷን እያየሁ ነበር። ጢሱ እንኳ እንዴት ዞር እንደሚል አጥንቼ ነው። በዚያ ዓመት ስልሳ ታፔላ ጽፌአለሁ። አራት መቶ ሃያ ሲጋራ አጭሼ ከተማውን ማጨስ ከለከልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ከስልሳው አንዱ የጉሃድ ነው። ጉሃድ ከባጃጅ ማቆሚያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያለው ጓደኛዬ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። የእሱን ታፔላ በነጻ ጻፍኩለት፤ ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀልነው። ችግሩ ግን በሻይ ቤቱ ውስጥ ንፋስ የሚገባው በዚያ መስኮት ብቻ ነበር። ስለዚህ ማጨስ የፈለገ ሁሉ ጢሱ እንዲወጣለት ታፔላው ሥር ይቀመጣል። ጉሃድም ደንበኛ እንዳይቀየመው ብሎ ታፔላው ሥር መተርኮሻ አስቀመጠ። እኔና እሱ ከሰዓት በኋላ እዚያው ጫታችንን ይዘን ቁጭ እንልና የእኔን ፊደል እያደነቅን እናጨሳለን።

ኋላ ላይ ፓኮው ላይ የታመመ ሰው ፎቶ መጣ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ፊደሉን ነው። «ይሄ ማስጠንቀቂያ አልተመጣጠነም፤ ግራው ጠቧል» ብዬ ለጉሃድ አስረዳሁት። ከዚያ ፎቶው ሻይዬን ስለሚያስጠላኝ በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባውን፣ ፎቶ የሌለበትን መግዛት ጀመርኩ። ባለሱቁን «ያልታመመውን ስጠኝ» እለዋለሁ፤ እሱም ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ጣቴ ልምጣ።

ታኅሣሥ 2014 ላይ ነው። ጅጅጋ በታኅሣሥ ጠዋት ይበርዳል፤ ከካራማራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆነጥጣል። የአንድ ፋርማሲ ታፔላ እየጻፍኩ ሳለ ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ሳየው የቀኝ እጄ አመልካች ጣት ነጥቷል፤ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ ቀላ። እኔ ቀለም አዋቂው፣ ደንግጬ ሐኪም ቤት እንደመሮጥ፣ «ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፤ ለፋርማሲ የሚያምር ምርጫ ነው» ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እጄን ለማሞቅ ሲጋራ ለኮስኩ።

«ብርድ ነው» አልኩ። ጥር መጥቶ ፀሐይ ስትከር «ቲነሩ ነው» አልኩና ጓንት ገዛሁ። ከገበያ ስመለስ እግሬን ባቴ ላይ ጨምድዶ ሲያስቆመኝ «ጫማው ነው» አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ትጉህ እንደሚሆን በእኔ አይቻለሁ። ጉሃድ ደግሞ በበኩሉ አዘነልኝ።

«ወርያ ሀብቴ፣ ይሄ ብርድ ነው ወላሂ። የግመል ሻኛ ስብ አለ፤ እሱን አቅልጠህ እሸው። አባቴ በሰባ ዓመቱ ክር በመርፌ ያስገባ ነበር።»

«አባትህ ያጨሱ ነበር?»

«ኧረ! አባቴ ሲጋራ የያዘ ሰው ቤቱ አያስገባም ነበር።»

ሁለታችንም ይህን ሰምተን ምንም አልመሰለንም። ስቡን ለሦስት ሳምንት አሸሁት። ጣቴ አልዳነም፤ ይልቁንም በስቡ ምክንያት ሲጋራው እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ስለዚህ በግራ እጄ ማጨስ ለመድኩ። ይህን እንደ ትልቅ ዘዴ ለባለቤቴ ስነግራት ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

ባለቤቴ ለተማርያም ትባላለች፤ ትምህርት ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ትሠራለች። ነገር የምታየው እንደ ፋይል ነው፤ ቀን ታስታውሳለች፣ የተሰወረ ገጽ ታውቃለች። የጣቴ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ቁስል ስትወጣ ቀኑን ያዘች። እኔ ከብሩሹ ነው፣ ከላሜራው ነው እያልኩ ሳምንቱን ስቀይር እሷ ትቆጥር ነበር። ሌላው ቀርቶ ሕመሙ ሲብስብኝ ለማስታገሻ የማጨሰውን ሳይቀር።

«ሀብትዬ» አለችኝ አንድ ጠዋት፤ ስትቆጣ ነው እንደዚህ የምትጠራኝ። «አምስት ሳምንት ሆነው። የሰው ቁስል በአምስት ሳምንት ይድናል። ያልዳነ እንደሆነ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ተነስ፤ ባጃጁ ቆሟል።»

«ዛሬ ሥራ አለብኝ።»

«በየትኛው ጣትህ?»

ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ሳብሪን ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ድምጿም ለስላሳ ነው። የቀኝ እጄ አንጓ ላይ ያሉትን ሁለት የደም ሥሮች ጫን አድርጋ ያዘችና መዳፌን እንድጨብጥና እንድዘረጋ አዘዘችኝ። አንዱን ለቀቀች፤ መዳፌ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ፤ መጠበቅ ሥራዬ ነው። ቀለሙ ግን አልመጣም።

«በቀን ስንት ያጨሳሉ?» አለችኝ።

«አንዳንዴ» አልኩ።

ለተማርያም ጉሮሮዋን ጠረገች። ዶክተሯ ካርዴን አየች፤ ቀና ብላ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ አየች፤ ደግማ ካርዴን አየች።

«ይቅርታ ጋሼ ሀብተየስ፣ እዚያ ታፔላ ላይ ያለው ስልክ የእርስዎ አይደለም?»

ዞር አልኩ። ሰባት ሲጋራ የፈጀ ነጭ ላሜራ ተሰቅሏል። ማጨስ ክልክል ነው። ቀዩ ክብ፣ ሰያፏ መስመር፣ ያጠናሁት ጢስ። ከነስልኬ።

«የእኔ ነው።»

«ቆንጆ ጽሑፍ ነው» አለች። አላሾፈችብኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። «በቀን ስንት?»

«ሃያ» አለች ለተማርያም። «ሥራ ሲበዛ ሠላሳ።»

«ዶክተር፣ ሳንባዬ እኮ ደህና ነው» አልኩ። ሲጋራ ከነካኝ በሳንባ ይመጣል ብዬ በሩን እዚያ ጋ ስጠብቅ ነበርና።

«ሳንባውንም እናየዋለን» አለች። «ሰው ሁሉ ሳንባን ነው የሚፈራው። ጢሱ ግን ሳንባ ውስጥ አይቀርም፤ ከደም ጋር ይዞራል። ልብን ይነካል፣ ጭንቅላት ላይ ስትሮክ ያመጣል፣ ጉሮሮ ላይ፣ ፊኛ ላይ ሳይቀር ካንሰር ያመጣል። የእርስዎ ግን በእጅና በእግር ትንንሽ የደም ሥሮች ላይ የሚመጣው ይመስለኛል። ሥሮቹ ይቆጣሉ፣ ይደፈናሉ፣ ደም ጣት ጋ አይደርስም። ባትዎን የሚይዝዎትም ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም። የሚይዘው የሚያጨሱ ሰዎችን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳያረጁ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ማቆም።»

«ሌላስ?»

«ማቆም ነው ጋሼ ሀብተየስ። ለቁስሉና ለሕመሙ የምሰጥዎት አለ፤ ለተጨማሪ ምርመራም ትልቅ ሆስፒታል እልክዎታለሁ። ሲጋራው ካልቆመ ግን ሁሉም ከንቱ ልፋት ነው። መቀነስ አይሠራም። በቀን አንድም ሁለትም ብትሆን በሽታውን ታቆየዋለች። ዛሬ ካቆሙ ጣትዎ የመትረፍ ዕድል አለው። ካላቆሙ ይቆረጣል፤ ከዚያም ቀጣዩ ጣት አለ።»

«በቀኝ ነው የምጽፈው» አልኩ። ድምፄ የሕፃን ሆኖ ወጣ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከብሩሽ ሌላ አንዳች ሙያ የለኝም፤ ያቺን ጣት ካጣሁ እኔ ማን እንደምባል አላውቅም ነበር።

የዚያን ዕለት ፓኮዬን ለለተማርያም አስረከብኩ፤ እሷም ሽንት ቤት ጨመረችው። አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። እንዴት እንደቆየሁ አትጠይቁኝ፤ ጎረቤቱን ጠይቁ። ድመት ተቆጣሁ፤ ከሬዲዮ ጋር ተጣላሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ያጨሰ ሰው አጠገብ ለመቀመጥ ስል መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ጉሃድ ጋ መሄዱንም ተውኩ። ቁስሉ ግን መድረቅ ጀመረ። ለተማርያም ጠዋት ጠዋት ጣቴን ወደ ብርሃን እያዞረች ታየውና ፈገግ ትላለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከባቢሌ የመጣ ነጋዴ ለለውዝ መሸጫው ታፔላ አዘዘኝ። ነጩን ቀባሁና ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ጉዱ የታወቀኝ፤ መቼ እንደሚደርቅ አላውቅም! ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለት ሲጋራ ነበር። ሁለት ሲጋራ ስንት ደቂቃ ነው? አላውቅም። ቁጭ ብዬ፣ ተነስቼ፣ ዞሬ፣ «አሁንስ ደርቋል» ብዬ ቀዩን ጻፍኩበት። ደርቆ አልነበረም። «ምርጥ ለውዝ» የሚለው ጽሑፍ እንባውን እያፈሰሰ እስከ ላሜራው ግርጌ ወረደ። ነጋዴው ሲያየው «ለቅሶ ቤት አልከፈትኩም እኮ ወንድሜ» ብሎ ሄደ።

አንድ ጤነኛ ሰው ይህን ጊዜ ምን ያደርጋል? እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሱቅ ሄጄ ያልታመመውን ፓኮ ገዛሁ። ለማጨስ አይደለም፤ ለሰዓት! አንዷን ለኩሼ የቀለም ጣሳው ከንፈር ላይ አጋደምኳት። እሷ ለብቻዋ ትንደድ፣ እኔ ልቁጠር፣ አፌ ጋ አትድረስ። በዚህ ዘዴ ራሴን አደነቅኩ። ሃይማኖተኛ ሰው ጾም ላይ ሥጋ ጠብሶ ሽታውን ብቻ እንደሚምግ መሆኑ አልታየኝም።

ሰዓቷ ግን ችግር ነበረባት። ንፋስ ሲነፍስ ቶሎ ትነዳለች፤ ንፋስ ሲቆም ትጠፋለች። እንዳትጠፋ ብዬ አንዴ ሳብ አደረግኳት። ሰዓት ሲቆም ይሞላል አይደል? ሞላኋት። ጣሳው ላይ መለስኳት። እንደገና ልትጠፋ ስትል እንደገና ሞላኋት። በማግሥቱ ለመሙላት እንዲመቸኝ ከጣሳው አንስቼ ከንፈሬ ላይ አደረግኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሲጋራዋ ወረቀት ናት፤ እኔም የምታውቁኝ ነኝ፤ ማን ማንን ይልቀቅ?

እንዲህ ሆኜ ሁለት ወር ከረምኩ። በቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት፣ ያውም በሥራ ሰዓት። ቤት ስገባ አፌን ተጉመጥምጬ ነው። ለተማርያም «ስንት ቀን ሆነህ?» ስትለኝ «ስልሳ» እላለሁ፤ ዓይኔን አላሽም። የሚገርመው ውሸታም መሆኔ አይሰማኝም ነበር። እኔ አላጨስኩም፤ ሥራው ነው ያጨሰው።

ጣቴ ግን ሥራና ዕረፍት አይለይም። በግንቦት መጨረሻ ጫፉ ጠቆረ። ጥቁረቱ ወደ ታች ወረደ፤ መሃል ጣቴም ቁስል አወጣ። ሕመሙ ሰው የሚያስጮህ ነው፤ እጄን በትራስ ላይ አስቀምጬ ስወዛወዝ እውላለሁ። ዶክተር ሳብሪን ጋ ስንመለስ አየችውና ግንባሯን ቋጠረች።

«ይህ በማያጨስ ሰው ላይ በዚህ ፍጥነት መሄድ የለበትም።»

«አላጨስም» አልኩ። ከዚያ እጄን አየሁ። ቀጥሎ ለተማርያምን አየሁ፤ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አድርጋ በእኔ ፈንታ ልትማልልኝ የተዘጋጀች ትመስል ነበር። «የማጨሰው ለሰዓት ብቻ ነው።»

«ለምን?»

አስረዳኋት። ነጩ ሁለት፣ ቀዩ ሁለት፣ ጌጡ አንድ። ጣሳው ላይ እንደማጋድማት፣ ንፋስ እንደሚያስቸግረኝ፣ እንዳትጠፋ ብቻ እንደምስባት። እያስረዳሁ ሳለ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ማፈር ጀመርኩ፤ ግን ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አልቻልኩም፤ እሱም ልማዴ ነው።

ዶክተሯ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወደ ሸሚዜ ኪስ አመለከተች።

«ጋሼ ሀብተየስ፣ ስልክዎ ላይ ሰዓት የለም?»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከኋላዬ በተሰቀለው ታፔላ ላይ ቁጥሩ የተጻፈው ስልክ። ሰዓት አለው፤ ደወል ሳይቀር አለው። አውጥቼ አየሁት፤ አራት ሰዓት ከሃያ ይላል።

ለተማርያም ተነስታ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በበሩ ክፍተት ጀርባዋ ይታየኝ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስልሳ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ብርሃን ያዞረችው ጣት የእኔ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በሰኔ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ አመልካች ጣቴን ከሥሩ፣ መሃል ጣቴን ከአንጓው ላይ ቆረጡልኝ። ቀዶ ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ «የቀረውን እኛ አይደለንም የምንጠብቀው፤ አንተ ነህ» አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ አላጨስኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ስምንት ተኩል ጣት ይዞ የሚኩራራ ሰው የለም። አሁንም ሰው ሲለኩስ ሳይ አፌ ውኃ ይሞላል፤ ሕልሜ ውስጥም እያጨስኩ እነቃለሁ። ብቻ ለተማርያም «ስንት ቀን ሆነህ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እንድትጠይቀኝ እመኛለሁ፤ አሁን እውነቱ አለኝና።

ከሆስፒታል በወጣሁ በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ላማትብ እጄን ወደ ግንባሬ አነሳሁ። የማማትብበት ጣት የለም። እጄ አየር ላይ ቀረ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች መንገድ ዘጋህ ብለው ገፉኝ፤ እኔ ግን የት እንደምሄድ ጠፋኝ። በግራዬ ማማተብ ደግሞ አልለመድኩም። ኋላ በቀለበት ጣቴ አማተብኩ፤ መስቀሉ እንደ አዲስ ተማሪ ፊደል ተንጋደደ።

ይህን ለጉሃድ ነገርኩት። ሁልጊዜ በነገር የሚቀድመኝ ሰው የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ከዚያ የራሱን አመልካች ጣት አየው።

«እኛም ስንሰግድ አላህ አንድ ነው ብለን የምንመሰክረው በዚችው ነው» አለ።

እንደዚያ ቀን ጎን ለጎን ቁጭ ብለን ያለጫት፣ ያለጢስ ውለን አናውቅም።

ብሩሽ በአውራ ጣትና በቀለበት ጣት መያዝ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ፊደሎቼ አሁን ወደ ቀኝ ጋደል ይላሉ፤ ለደንበኛ «አዲስ ስታይል ነው» እላለሁ። ሰው ያምናል። ፋይዳ መታወቂያ ሲያወጡልኝ መዝጋቢዋ «አመልካች ጣትዎን እዚህ ያድርጉ» ብትለኝ «እሱ ቀድሞኝ ሄዷል» አልኳትና ሳቀች። መሳቄን እወዳለሁ። ሳቄን ሳልጨርስ የቀረሁት አንድ ቀን ነው።

አምና ጉሃድ ታፔላው ስላረጀ «አዲስ ጻፍልኝ» አለኝ። ነጩ በእኛው ጢስ ቢጫ ሆኗል። ሻይ ቤቱ በር ላይ ላሜራውን ዘርግቼ ነጩን ቀባሁ። ስልኬን አወጣሁ፤ ደወል ሞላሁ። ሲደውል ተነሳሁ። ስልክ ግን ንፋሱንና ፀሐዩን አያውቅም፤ ቀለም መድረቁ በእርግጥ የሚታወቀው በአመልካች ጣት ጫፍ ጥግ ላይ ነካ ሲያደርጉት ነው። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ። ያልነበረው ጣቴ ወደ ላሜራው ሄደ፤ እኔ እዚህ ቀረሁ።

ጉሃድ ከበሩ ላይ ሲያየኝ ነበር። ወጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«የት ጋ ነው የሚነካው?»

«ጥጉ ላይ። በቀስታ።»

ጣቱን አስነካ። ሲያነሳው አሻራው ነጩ ላይ ቀርቷል።

«አልደረቀም» አልን አንድ ላይ።

ሳቅን። ሳቁ መሃል ላይ ግን እኔ ወደ ለቅሶ ተሻገርኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ እያዩኝ፣ ጣቴን አለቀስኩት። ሲቆረጥ ያላለቀስኩትን ሁሉ። ጉሃድ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «ይድረቅ፣ እንጠብቃለን» አለኝ። አሻራውን ግን ቀለም አልደረብኩበትም፤ እንዳለ ተውኩት።

ታፔላው ተሰቀለ። በሳምንቱ ከደምበል ወረዳ የመጣ ኸሊፍ የሚባል የፍየል ነጋዴ ገባና ለንፋሱ ሲል በቀጥታ ሥሩ ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ፤ ፓኮ አወጣ፤ ለኮሰ። ጭሱን ወደ ፊደሌ ቡን አደረገው። ጉሃድ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ታፔላውን አላሳየውም። እኔን ጠራኝ።

«ሀብቴ፣ እጅህን አንሳለት።»

ቀኝ እጄን አነሳሁ። ሰውየው አየ፤ ሻዩን አስቀመጠ።

«ያ አላህ! ምን ቆረጠህ ወንድሜ? ማሽን ነው?»

«አይደለም» አልኩት። ምን እንደቆረጠኝ ላሳየው ፈለግኩ፤ የማመለክትበት ጣት ግን የለኝም። ስለዚህ ጣቶቹ መሃል ወዳለችው ሲጋራ በአገጬ አመለከትኩት።

ሲጋራዋን ቁልቁል አየ፤ እጄን አየ። የያዘባቸውን ሁለት ጣቶቹን ደግሞ ረዘም አድርጎ አየ። ከዚያ ገና ግማሽ ሳትደርስ ተረኮሳት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጉሃድ ሰው በለኮሰ ቁጥር ይጠራኛል፤ እኔም አነሳለሁ። ብዙ ታፔላ ሠርቻለሁ፤ ሰው አንብቦ የታዘዘልኝ ግን ይህን እጄን ብቻ ነው። ስልክ ቁጥርም የለበትም።